ከጥልቅ ስለሚወጣው ዓሣ

ደሴ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። የጦሳ ተራራ እንደ ልማዱ ጉሙን ለብሶ ያረፍዳል፤ ብርዱንም ታውቀዋለህ። ዝምታችን መርዘሙ ቢያሳዝነኝም ደብዳቤህ ስለ ዓሣ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

አሜሪካ፣ ቴክሳስ ካለችው ከጋልቨስተን በጀልባ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወጥታችሁ ቀይ ስናፐር የሚባለውን ዓሣ እንደምታጠምዱ፣ ከመጠን ያነሰውን ሕጉ መልሱ ስለሚል እንደምትጥሉት፣ የጣላችሁትም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ እንደሚቀር ጽፈሃል። «ይህ ምሕረት ነው ወይስ ማሰቃየት?» ላልኸው መልሴን ላስቀድም። ዓሣውን ለቀቅሁት ማለት የምትችለው ወደመጣበት ጥልቀት ስታደርሰው ነው። ላዩ ላይ ከተውከው ሞቱን ከዓይንህ ማራቅ ብቻ ነው የሆነልህ።

ምክንያቱ አየር ነው። ስናፐር በሆዱ ውስጥ የመንሳፈፊያ የአየር ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቀዳዳ ስለሌለው አየሩ የሚገባውም የሚወጣውም በደም በኩል፣ በብዙ ሰዓታት ነው። በባሕር ላይ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ 30 ሜትር ላይ የነበረ ዓሣ ላይ ሲደርስ አየሩ ወደ 4 እጥፍ፣ ከ60 ሜትር ከወጣ ወደ 7 እጥፍ ሊሰፋ ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ የገዛኸው የታሸገ ቺፕስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ እንዴት እንደሚነፋ ታስታውሳለህ፤ የዓሣው ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። ከረጢቱ ይቀደድና አየሩ ወደ ሆድ ዕቃው ይፈስሳል፤ ጨጓራው ተገልብጦ በአፉ ይወጣል፤ ዓይኑ ይፈጥጣል፤ አንጀቱ በፊንጢጣው ብቅ ይላል። «ቀስ ብዬ ብስበው አይሻልም?» የሚለው የብዙ ሰው ሐሳብ ለስናፐር አይሠራም። አየሩ በደም እስኪወጣ ሰዓታት ሲፈልግ አንተ የምታዘገየው በደቂቃ ነው፤ ትርፉ ዓሣውን ማድከም ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ። በአፉ የወጣውን ፊኛ የመሰለ ነገር በቢላ የሚበሱ ሰዎች ታያለህ። እሱ ጨጓራው ነው፤ የአየር ከረጢቱ አይደለም። አትንካው፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲመለስ እሱም ወደ ቦታው ይመለሳል።

የሚሻለው መንገድ ዓሣውን በክብደት ማውረድ ነው። መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የታችኛውን ከንፈር ይዞ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሲያስገድደው ራሱ የሚከፈት መቆንጠጫ ነው። ሁለተኛው መያዣው የተገለበጠ፣ ዓሣው እንዳይላቀቅ የሚይዘው ጥርስ የሌለው መንጠቆ ሲሆን ዓሣው ታች ሲደርስ ገመዱን ነቅነቅ ስታደርገው ይላቀቃል። ሦስተኛው ታችኛው ፊቱ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ አፉን ወደ ታች ደፍተህ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ እርሳስ አስረህ፣ ዓሣውን ከሥሩ አስገብተህ ታወርደዋለህ። የአሜሪካ ደንብ ለመሣሪያው ቢያንስ 454 ግራም ክብደትና 18 ሜትር ገመድ ይጠይቅ ነበር። ይህ ዝቅተኛው ነው። ለትልቅ ዓሣ 1 ወይም 2 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ካነሰ የተነፋው ዓሣ መሣሪያውን ይዞት ይንሳፈፋል፣ አንተም ጊዜ ታጠፋለህ። ከተቻለ እስከ ያዝክበት ጥልቀት አውርደው።

ጊዜው ከሁሉም ይበልጣል። መሣሪያው መንጠቆው ውሃ ሳይነካ በፊት ተገጥሞ በእጅህ አጠገብ ይቀመጥ። ዓሣው በእጅህ ሳለ መሣሪያውን ቦርሳ ውስጥ የምትፈልገው ከሆነ ፋይዳ የለውም። እጅህን በውሃ አርጥብ፤ ደረቅ እጅና ፎጣ ከቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍፈዋል፣ ከቁስልና ከበሽታ የሚጠብቀው ደግሞ እሱ ነው። በስንጥቡ፣ ማለት ከጉንጩ ሥር ባለው በሚተነፍስበት ቀይ ነገር፣ አንጠልጥለህ አትያዘው። ፎቶ ለማንሳት አታቆየው። ክብ መንጠቆ ተጠቀም፤ አብዛኛውን ጊዜ የአፉን ጥግ ነው የሚይዘው። መንጠቆውን ከዋጠው ደግሞ አትጎትተው፣ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቁረጠው።

በመርፌ አየር ማውጣት ሁለተኛው አማራጭ ነው። መርፌው ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ሹል፣ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቢላና ወስፌ አይሆኑም። ከደረት ክንፉ ሥር ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ፣ ከቅርፊቱ ሥር፣ በ45 ዲግሪ ታስገባና ሆዱን በቀስታ ትጫነዋለህ። ልምድ የሌለው እጅ ልብን ወይም ጉበትን ሊወጋ ይችላል፤ በንጽሕና ያልተያዘ መርፌም ቁስል ያመጣል። እኔ ማውረጃው ጠፍቶ ዓሣው መስመጥ ካልቻለ ብቻ እላለሁ። ዓሣው ብርቱ ሆኖ በራሱ ወደ ታች ከዋኘ ግን ተወው፣ አትውጋው።

እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው የፌዴራል ውሃ እንደ ስናፐር በባሕር ውስጥ ድንጋይ ዙሪያ የሚኖር ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ማውረጃ ወይም መርፌ ዝግጁ አድርጎ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። የጀልባችሁ ሰው ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ካስቀመጠው የሕጉን መንፈስ አልያዘም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ሕጉ ሊሞት የተቃረበ ትንሽ ዓሣ መልስ ሲልህ ግፍ ይመስልሃል፤ ስሜትህ ይገባኛል። ግን «የሚሞተውን ውሰድ» ቢባል ማንም ሰው የያዘውን ሁሉ ይሞታል ማለት ይችላል፤ የመጠን ገደብ የሚባል ነገርም አይኖርም። ደንቡን አክብር፤ ነገር ግን ደንቡን በማክበርህ ብቻ እጄ ንጹሕ ነው አትበል። ስናፐር ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ትልቋ እንስት ከትንሿ እጅግ የበለጠ እንቁላል ትጥላለች። ታች ሳይደርስ የሞተ እያንዳንዱ ልጅ ዓሣ ለማንም ሰው ምግብ ሳይሆን ከነገው ላይ ይቀነሳል። «ሌሎች የባሕር እንስሳት ይበሉታል» ማለት እውነት ነው፤ ያጠመደውን ሰው ግን ከኃላፊነት አያወጣውም።

ስለዚህ ውሳኔው ክሩ ከመውረዱ በፊት ያለ ነው። ሁለት ሦስት ትናንሾች በተከታታይ ከወጡ ቦታ ለውጡ። የተፈቀደላችሁን ከያዛችሁ ጥልቁን ተዉት፤ ከዚያ በኋላ «ለጨዋታ» ማጥመድ በ10 ሜትር ውሃ ላይ አይጎረብጠኝም፣ በ50 ሜትር ላይ ግን አልደግፈውም። በበጋ ላዩ ሞቆ ታቹ ሲቀዘቅዝ የሚሞተው ይበዛል፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የምትበላውን ደግሞ ፈጥነህ ግደለው፦ ጭንቅላቱ ላይ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደኋላ በጠንካራ ምት፣ ወዲያውም ስንጥቡን ቆርጠህ ደሙን አፍስሰህ በረዶ ውስጥ። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለሚያርደው በግ ቢላውን የሚስለው እንስሳው እንዳይሰቃይ ነው፤ ለዓሣ ሲሆን ግን ዝም ብሎ እየተንፈራገጠ እንዲሞት እንተወዋለን። ይህን ልዩነት የሚደግፍ ምክንያት አላገኘሁም።

እዚህ ደሴ አጠገብ ስላለው፣ ሐይቅ ስለሚባለው ውሃም ጠይቀሃል፤ ሌላው ወንድምህ እዚያ ለእንግዶች ማጥመጃ ጀልባ ማቅረብ እንደሚያስብ ጽፈሃልና ይህን ንገረው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንደ ስናፐር ከረጢቱ ዝግ ነው። ካርፕና አምባዛ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቀዳዳ ስላላቸው ይሻላቸዋል። ሐይቅ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ20 ሜትር የወጣ ዓሣ አየሩ በባሕር 3 እጥፍ የሚሆነው እዚህ 3 ተኩል ይሆናል። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ቢያልፍም ታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ዓሣውን «ይበልጥ ይመችህ» ብሎ እስከ ወለሉ ማውረድ ማፈን ነው። ከያዙበት ጥልቀት አይለፉ። ከሁሉ የሚሻለው እንግዶቹ ዳር ዳሩን እንዲያጠምዱ ማድረግ ነው።

የጀልባው ሰው በስንት ሜትር ላይ እንደሚቆምና አብዛኛው የምትመልሱት ዓሣ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ጻፍልኝ፤ የሚበቃውን የእርሳስ ክብደትና የሳጥኑን መጠን ሠርቼ እልክልሃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ