አባዬ፣ «ደህና ነኝ» አትበለኝ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የድሬ ሙቀት ትንሽ በረድ አለልህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የማርታ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አያቴ ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብሎኛል ብላ አላስተኛችንም። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ በመጨረሻ ከግቢው ጀርባ ያለችው የአትክልተኛው ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ዮናስ በቁመት ደርሶብኛል። አማርኛው ግን አሁንም... ይሄን ሁሉ የማወራው ዋናውን ነገር ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው።

እትዬ አስካለ ደውለውልኝ ነበር። እባክህ አትቀየማቸው። እግርህ ላይ ቁስል ከወጣ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ ካልሲ ደርበህበት ከዚራ ድረስ በእግርህ እንደምትሄድ ነገሩኝ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ሦስት እሑድ አውርተናል። ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩ» አልከኝ፤ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

ሥራሽ ምንድነው እያልክ ስትጠይቀኝ በወጉ አስረድቼህ አላውቅም። እኛ ጋ ያለው ማሽን ኤሌክትሮንን ከብርሃን ፍጥነት እጅግ አስጠግቶ አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ ያሽከረክራል። የቀለበቱ ዙሪያ 300 ሜትር ቢሆን በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ማግኔቱ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ፣ አየር የሚመጠው ፓምፕ፣ ሁሉም በየስሙ ተመዝግቦ ቁጥሩ እኛ ክፍል ስክሪን ላይ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ኤፒክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሎስ አላሞስና አርጎን የተባሉ የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የጀመሩት ነው፣ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ደረጃ ይሰጣል፦ ደህና፣ ቀላል ማስጠንቀቂያ፣ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ከከባዱም በላይ የሚቆጠር አራተኛ አለ፤ «ይህ ቁጥር አይታመንም» የሚል።

አዲስ ስገባ ይሄ ለምን ከሁሉ እንደሚብስ ሊያስረዱኝ ሲሉ፣ እኔ የማውቀው ከአንተ ነበር። የጣቢያው ወንበር ሥር ተቀምጬ አይሃለሁ። ስልኩን ታዞራለህ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ሽንሌ ዝም ካለ ባቡሩን አትለቅም። ተሳፋሪ ቢጮህ፣ ነጋዴ ቢለምንህ፣ «ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ» ትልና መነጽርህን አውልቀህ በሸሚዝህ ጫፍ ትወለውላለህ።

ባለፈው ክረምት ሌሊት ተረኛ ሆኜ የአንዱ ማግኔት ውኃ 24.6 ዲግሪ ያሳያል። አረንጓዴ ነው፣ ደህና ነው። ሻይ አፍልቼ ስመለስ 24.6። ከሁለት ሰዓት በኋላም 24.6። የሌሎቹ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። የሚያነበው መሣሪያ ሥራውን አቁሞ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እየደጋገመ ነበር፤ ሶፍትዌሩም አላወቀበትም። የሚሠራ ነገር ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አባዬ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ያ ቁጥር ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ልጻፈው። መስከረም 2001። ጄኔቭ አጠገብ ያለው፣ እንደ እኛው ቅንጣት የሚያሽከረክረው፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው የሰርን ማሽን በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን፣ መስከረም 9፣ የሁለት ማግኔቶች የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሽቶ በቶን የሚቆጠር ሂሊየም ፈሰሰ፤ ከዓመት በላይ ቆመ። እሑድ ደውዬ ስነግርህ «ቀድሞ ምልክት አልሰጠም ነበር?» ብለህ ጠየቅከኝ። ቀጥሎ እማዬን አቅርብልኝ ስልህ «ተኝታለች፣ ደህና ናት» አልከኝ። እማዬ ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነበር።

መርዶውን ጥቅምት ላይ ሰማሁ፣ ፈተናዬን ከጨረስኩ በኋላ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ደሞዝህን ለእኔ ትምህርት ከፍለህ፣ አንተ አንድ ኮት አሥር ዓመት እንደለበስክም አውቃለሁ፤ እጅህን እስማለሁ። ግን አፈር አላለበስኳትም። ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ይቅር ብዬሃለሁ ስልህ ከልቤ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ባልከኝ ቁጥር ግን ያ እሑድ ይመለስብኛል። አንተንም እንደዚያ እንዳልሰማህ እፈራለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ያ መጋጠሚያ ከተበላሸ በኋላ በጣም ትንሽ ለውጥ የሚይዝ መቆጣጠሪያ ጨመሩ። አንተም በጠየቅከኝ ጊዜ ልክ ነበርክ። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለም። ሕመሙ ካልተሰማህ ዳነ ማለት አይደለም፤ ስኳሩ ነርቩን አደንዝዞት ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ጠዋት ኃይሉ በባጃጅ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ይወስድሃል። ገንዘቡን እሱ ጋ ልኬአለሁ፣ አትከራከረው። የስኳር መድኃኒትህን ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። እግርህን ሙቅ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፍ። በነጠላ ጫማ መውጣት ይቅር። ለቁልቢ ገብርኤል ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ከተሰጠኝ ታኅሣሥ 19 አብረን ነን፣ አንተ ግን በእግር አትወጣም።

እሑድ በቪዲዮ እደውላለሁ። ፊትህን አይደለም የማየው፤ ካልሲህን አውልቀህ ጠብቀኝ፣ ስልኩን ወደ እግርህ አዙረው።

ልጅህ