ደንበኛዋን አልመዘግብም ያለው ሶፍትዌር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ለሱቆች የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ባለፈው ወር ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ባለሱቅ ደወለልኝ። አንድ ልጅ በሁለት ቀን የሠራለት የዱቤ መዝገብ ሁሉንም እየተቀበለ ሰዓዳን ብቻ (ትክክለኛ ስሟ አይደለም) እምቢ ብሏል። «አቦ ሴትየዋን ጠምዶ ያዛት እንዴ?» ይለኛል።

ሄጄ አየሁት። ስሟ በቁቤ ሲጻፍ መሀሉ ላይ ሁዻ አለው፣ ያቺ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ጭረት። ሶፍትዌሩ የተጻፈለትን ሁሉ እንዳለ መረጃው ለሚቀመጥበት ቋት (ለዳታቤዙ) ከሚላከው ትእዛዝ ጋር ይቀጥለዋል፤ ጭረቷ ስትመጣ ስሙ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል፣ የተረፈውን ፊደል እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክርና ይደናበራል። ተንኮል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከጭረቷ ቀጥሎ የራሱን ትእዛዝ ይጽፋል። ባለሱቁ እያየ የይለፍ ቃል ቦታ ላይ አንዲት መስመር ጻፍኩና ገባሁ። የሰፈሩ ዱቤ ከነስልክ ቁጥሩ ተዘረገፈ። ሰውየው ጫቱን አስቀመጠ።

ኮዱን የጻፈው ኤአይ ነው፣ ልጁም አልደበቀም። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። የገረመኝ ግን ያንኑ ኮድ ለኤአይ መልሼ «ቀዳዳ አለው ወይ?» ስለው ወዲያው አገኘው፣ አስተካከለውም። ቀድሞ ማን ጠየቀው! የዳታቤዙ የይለፍ ቃል እዚያው ኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፉን ግን ዘለለው፤ እሱን ያየሁት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮድ የሚጽፈውን ኤአይ፣ ጊትሀብ ኮፓይለትን፣ ስህተት በሚበዛባቸው 89 ሁኔታዎች ፈትነውት ነበር። ከጻፋቸው 1,689 ፕሮግራሞች 40 በመቶ ያህሉ የደህንነት ክፍተት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ኤአዮቹ ተሻሽለዋል፣ እሺ። ግን ኮዱ ስለሠራ ብቻ የሚያስረክብ ሰው አልቀነሰም፣ እንዲያውም በዛ።

የድሮውን የዱቤ ደብተር ለመስረቅ ሱቁ ድረስ መምጣት ያስፈልግ ነበር። ይሄ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣም ቆየ፤ ባለሱቁ ግን ጭራሽ አልሰማም። ጋዜጣችሁ ስለ ኤአይ ተአምር ሲጽፍ ይህንንም ይጻፍልን። ነጋዴዎችም ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ኮዱን ሌላ ባለሙያ ይየው፣ ሁዻ ያለበት ስምም አስገብታችሁ ሞክሩ።

ሴትየዋ አሁን ተመዝግባለች። ስንት እንዳለባት አይቻለሁ፣ ማየት ግን አልነበረብኝም።

ከድሬዳዋ