የመጀመሪያው ቀን ጭማሪ የማን ትርፍ ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ አክሲዮን ገበያ የሚያወጣቸውን ዘገባዎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገበያ ሲያወጣ የሚጻፈው ዜና ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ዓይነት መልክ አለው፦ አክሲዮኑ መጀመሪያ በተሸጠበት ዋጋና በዕለቱ የመዝጊያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ተሰልቶ ርእስ ይሆናል፣ አንባቢውም ዕድል እንዳመለጠው ተሰምቶት ለቀጣዩ ኩባንያ ገንዘቡን ያዘጋጃል። አቀራረቡ ሐሰት የለበትም። ሆኖም ከዓመታት ቁጠባው ላይ ቀንሶ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስበውን ሰው ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ስለሚመራው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዜናው ውስጥ የሚጠቀሰው የመጀመሪያ መሸጫ ዋጋ በብዙ ገበያዎች ለተራው ገዢ የሚደርሰው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። ሽያጩን የሚመሩት የኢንቨስትመንት ባንኮች ኩባንያው ገበያ ከመግባቱ በፊት የጡረታ ፈንዶችንና ሌሎች ትልልቅ ደንበኞቻቸውን እያነጋገሩ ፍላጎታቸውን ይመዘግባሉ፣ ከኩባንያው ጋር ሆነው ዋጋውን ይቆርጣሉ፣ አክሲዮኑንም በአመዛኙ ለእነዚሁ ደንበኞች ይደለድላሉ። ግለሰቡ የሚገዛው ግብይቱ ከተከፈተ በኋላ፣ ድርሻ ደርሷቸው ለመሸጥ ከወሰኑት ሰዎች እጅ ነው። ቪኤ ሊኑክስ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 ወደ ገበያ ሲገባ የመሸጫ ዋጋው 30 ዶላር ነበር፤ የመጀመሪያው ግብይት የተፈጸመው ግን በ299 ዶላር ሲሆን፣ ዕለቱ ሲዘጋ ዋጋው 239 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆመ። በየጋዜጣው የተነገረው ወደ 700 በመቶ የተጠጋው ጭማሪ ነው። በመክፈቻው ዋጋ የገዛው ሰው በዚያው ዕለት የገንዘቡን አንድ አምስተኛ ማጣቱን ግን ርእሱ አልተናገረም። ከአንድ ዓመት በኋላ ያው አክሲዮን ከ10 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። እንግዲህ 700 በመቶ የተባለው ትርፍ በእርግጥ ነበረ፤ የተከፈለውም ከኋላ በመጡት ገዢዎች ኪስ ነው።

ድልድሉ ራሱ ምን ያህል ለአድልዎ የተጋለጠ እንደሆነ ለማየት፣ በዚያው ዘመን ስለተሠራው ሥራ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የደረሱበትን ማስታወስ ይበቃል። ክሬዲት ስዊስ ፈርስት ቦስተን የተባለው ባንክ ተፈላጊ አክሲዮኖችን ለደንበኞቹ እየደለደለ በምላሹ ከመጠን ያለፈ ኮሚሽን ተቀብሏል በሚል ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ተራው ገዢ በመጀመሪያው ዋጋ እንዲመዘገብ በሚፈቀድበት ገበያም ቢሆን ችግሩ አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ኬቨን ሮክ የተባሉ የፋይናንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ስለ ኩባንያው በቂ እውቀት ያላቸው ገዢዎች ጥሩውን አክሲዮን ለይተው ስለሚሻሙ፣ እውቀት የሌለው ሰው ከጥሩው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ከመጥፎው ግን የጠየቀውን በሙሉ ያገኛል። ጥያቄው ሳይቀነስ የተፈቀደለት ገዢ ብዙ ጊዜ ዕድለኛ እንደሆነ ያስባል፤ እኔ ግን ይህን የሚሰማ ሰው ቆም ብሎ ዐዋቂዎቹ ለምን እንዳልተሻሙ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

መረጃም እኩል አይዳረስም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 አክሲዮኑን በ38 ዶላር ለሕዝብ ከመሸጡ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሽያጩን የሚመሩት ባንኮች ተንታኞች የኩባንያውን የገቢ ግምት ዝቅ አድርገው ነበር፤ ይህንንም የሰሙት ትልልቆቹ ደንበኞች እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። የማሳቹሴትስ ግዛት ተቆጣጣሪ በዚሁ ጉዳይ ከእነዚህ ባንኮች አንዱ የሆነውን ሞርጋን ስታንሊን በዚያው ዓመት መጨረሻ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። በኦገስት ወር አጋማሽ ደግሞ ከሽያጩ በፊት አክሲዮን ከነበራቸው ባለድርሻዎች አንዳንዶቹ እንዳይሸጡ የታገዱበት የመጀመሪያው ጊዜ ሲያበቃ፣ ዋጋው በአንድ ቀን ከ6 በመቶ በላይ ወርዶ ከ20 ዶላር በታች ሆነ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ 18 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ይህ የእገዳ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 180 ቀን ሲሆን፣ የሚያበቃበት ጊዜ ኩባንያው ለገዢዎች በሚያወጣው የሽያጭ መግለጫ ሰነድ (ፕሮስፔክተስ) ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ለገበያ የሚቀርበው አክሲዮን በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ሊጨምር የሚችልበት ቀን አስቀድሞ ታውቆ ሳለ፣ በዘገባ ውስጥ ሲጠቀስ አለማየቴ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እነዚህ ነጠላ ገጠመኞች ናቸው የሚል ቢኖር፣ ጄይ ሪተር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከት። ምሁሩ ከ1975 እስከ 1984 በአሜሪካ ገበያ የገቡ 1,526 ኩባንያዎችን ወስደው፣ ከመጀመሪያው ቀን መዝጊያ ዋጋ ጀምሮ ለ3 ዓመት ያስገኙትን ትርፍ ሲያሰሉ አማካዩ 34 በመቶ ገደማ ሆነ። በመጠንና በሥራ ዘርፍ የሚመሳሰሏቸው፣ ቀደም ሲል ገበያ ውስጥ የነበሩ ኩባንያዎች በዚያው ጊዜ ያስገኙት ደግሞ 62 በመቶ ገደማ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የጊዜው ምርጫ ነው። ወደ ገበያ የሚወጣበትን ወቅት የሚመርጠው ሻጩ ነው፤ እሱም የሚወጣው የዘርፉ ስም ሲገን፣ የገዢው ጉጉት ሲጋልና የራሱ የሂሳብ መግለጫ ሲያምር ነው። የቅርብ ዓመታት ሂሳቡ ያማረ ኩባንያ ያ ውበት ይቀጥል እንደሆነ የሚታወቀው ከሽያጩ በኋላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ገዢ ዋጋውን የሚከፍለው ያለ ማስረጃ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አክሲዮን ፈጽሞ አይገዛ ማለቴ አይደለም። ፌስቡክም ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ 38 ዶላሩ ተመልሶ ከዚያ እጅግ ከፍ ብሏል፤ በትዕግሥት የያዘው ሰው ተጠቅሟል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ያልገዛ ሰው አክሲዮኑ ከገበያ አይጠፋበትም። ሁለት ወይም ሦስት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች እስኪወጡ፣ የእገዳው ጊዜም እስኪያልፍ መቆየት የሚያስከፍለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ በችኮላ መግዛት ግን፣ በተለይ በብድር ገንዘብ ከሆነ፣ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል። ገዢው የሚያገኘው አክሲዮን ድምፅ የመስጠት መብት ያለው መሆኑንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ስናፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የሸጠው አክሲዮን ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ አዲስ ኩባንያ ሲዘግብ፣ ከመሸጫውና ከመዝጊያው ዋጋ ጎን ለጎን ግብይቱ የተከፈተበትን ዋጋም እንዲያትም እጠይቃለሁ፤ ተራው ገዢ ትርፉንም ኪሳራውንም የሚቆጥረው ከዚያ ነውና። ለሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን ስንት እጅ ለግለሰቦች እንደተመደበ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለሥራ ማስፋፊያ ወደ ኩባንያው ካዝና ይግባ ወይስ ድርሻቸውን እየሸጡ ለሚወጡ ነባር ባለአክሲዮኖች ይከፈል፣ የእገዳውም ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ በዚያው ዘገባ ቢገለጽ መረጃው ሁሉ ከፕሮስፔክተሱ ስለሚገኝ ለዘጋቢዎቻችሁ ከባድ ሥራ አይሆንም። የመጀመሪያውን ቀን ዜና ያነበበ ሰው ዋጋው ከስድስት ወርና ከአንድ ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ እንዲያይ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ባለው ርእስ ተከታታይ ዘገባ እንዲወጣም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ