ዘጌን በእግሯ የምትወጣ እናት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። በየዓመቱ የካቲት 16 ዘጌ ትሻገራለች። ከጀልባ ወርዳ በቡናው ጫካ ውስጥ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለውን ዳገት ዱላ ሳትይዝ ትወጣዋለች። ታዲያ ባለፈው ክረምት ወንድሜን ልትጠይቅ ዋሽንግተን ስትሄድ ስለ እግሯ ማን ያስብ? እኛን ያስጨነቀን የበርበሬውና የሽሮው ኪሎ ነበር።

ትኬት የቆረጠችልን ልጅም ፓስፖርቱን አየች፤ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን እንደምትቀይር ነገረችን፤ በቃ።

እዚህ ባሕር ዳር፣ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከበሩ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ጥቂት እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የኢስታንቡሉ ግን አንድ ተርሚናል ሆኖ ሰፈር ያህላል። እማዬ ሰዓታት ተቀምጣ እግሯ አብጧል፤ አዲስ ጫማ ገዝተንላታል (የኛ ጥፋት)፤ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው። ሰው ቆሞበት የሚሄደውን ወለል አይታ አማተበችና በጎኑ በእግሯ ተጓዘች። ደግነቱ አንዲት ሐበሻ ልጅ ነጠላዋን አይታ ደረሰችላት። በሩ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው የገባችው።

ዊልቸር መራመድ ለማይችል ብቻ ይመስለን ነበር። ለካስ ደረጃ እየወጣ ረጅም መንገድ የሚያቅተው ሰውም በራሱ ምድብ ይመዘገባል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ንገሩን ይላሉ እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚገፋው ሠራተኛ ፍተሻውንም ፓስፖርት ቁጥጥሩንም አሳልፎ በሩ ድረስ ያደርሳል። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ከወንበሩ ይልቅ ይሄ ነው ትልቁ ነገር።

ባሕር ዳር ውስጥ ትኬት የምትሸጡ ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ «እናታችሁ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት? ዊልቸር ይያዝላቸው?» በሉን። እኛ መጠየቅ እንዳለብን እንኳ አናውቅም።

ለመልሱ ወንድሜ አስመዘገበላት። «ሽባ ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። «መንገድ የሚያሳይሽ ሰው ነው፤ ወንበሩን ይዞ ነው የሚመጣው» ብሎ አግባባት። ባሕር ዳር ስትደርስ ግን የአውሮፕላኑን ደረጃ ቀጥ ብላ በእግሯ ወረደች። ወንበሩን ጎረቤት እንዳይሰማ አደራ ብላናለች፤ ስሜን የማልጽፈውም ለዚሁ ነው።

የእናቱ ልጅ
ከባሕር ዳር