የአጣናው መወጣጫ ሳያልቅ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በፎቶግራፍ ገጻችሁ ያለቀ ሕንፃ ብቻ መውጣቱ ያሳዝናል። አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች የሚቆሙበት የአጣና መወጣጫ በብረት እየተተካ ስለሆነ አሁኑኑ ፎቶ ሊነሣ ይገባዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ አጣናው ከግድግዳው ጋር ይደበላለቃል፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ግን የጎን ብርሃኑ የእያንዳንዱን አጣና ጥላ ጥሬው ሲሚንቶ ላይ ያሰምረዋል፤ የተላጠው ቅርፊት፣ የጎበጠው ሚስማር ሳይቀር ይታያል። ከታች ሆኖ ካሜራን ወደ ላይ ማቅናት ቋሚዎቹን ወደ ውስጥ ያዘነብላቸዋል፤ መፍትሔው ትይዩ ካለ ሕንፃ፣ ከቁመቱ እኩሌታ ገደማ፣ ካሜራውን ሳያዘነብሉ ማንሣት ነው። ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 100 (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ይበቃል። መወጣጫውን የሚሸፍነው አረንጓዴ መረብ በነፋስ ከተወዛወዘ ግን የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን 400 ማድረስ ነው። ሳይት ላይ ሌንስ አይቀየርም፤ የሲሚንቶ ብናኝ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ይቀመጣል። ሌንሱም በጨርቅ ከመጠረጉ በፊት በአየር ይራገፍ፤ ብናኙ ይቧጭረዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ