ያቺን ትንሽ ሽጉጥ ከመደርደሪያ ለምን አወረድናት?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ቨርጂኒያ ወዳለው ሱቃችን ጎራ ያላችሁ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ከመስታወቱ ሥር፣ በስተግራ ጥግ የነበረችው ርካሽ የኪስ ሽጉጥ የለችም። «አለቀች እንዴ?» እያላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። አላለቀችም፤ እኛው ነን ያወረድናት። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳት አንዴ መጻፍ ይሻላል ብለን ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነው። ገዝቷት በሳምንቱ ይዟት ተመለሰ። አብረነው ተኩስ መለማመጃ ሄድን። የመጀመሪያው ጥይት በደንብ ተተኮሰ። በሁለተኛው ግን ባዶው ቀለሃ ተስፈንጥሮ በመውደቅ ፈንታ እዚያው ተነክሶ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠራረግናት፣ ዘይት ቀባናት፣ ጥይት ቀየርን። ያው ናት። ለአምራቹ ላክናት። ከሰባት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ምን እንደተሠራላት የሚገልጽ ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልነበራትም። ካዝናዋን (ጥይት የሚደረደርበትን፣ ካርታ የምትሉትም አላችሁ) ሞልተን ሞከርናት፤ በሦስተኛው ጥይት ነከሰች። ስልክ ስንደውል የሚያነሳው ማሽን ነው። «መልእክት ይተዉ» ይላል፤ ተውን፣ ተውን፣ ሰለቸን።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሽጉጥ በተፈጥሮዋ አመለኛ ናት። አገር ቤት የምታውቁት ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ሩገር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራት የኪስ ሽጉጥ ኤልሲፒ ግን 270 ግራም ገደማ ብቻ ናት። ላይኛው ተንሸራታች ብረት ቀላልና አጭር ስለሆነ በጣም ፈጥኖ ሄዶ ይመለሳል። የካዝናው ሞላ (ስፕሪንግ) በዚያች ቅጽበት ቀጣዩን ጥይት ማድረስ አለበት። የያዛት እጅ ከላላ ደግሞ ብረቱ እስከ መጨረሻው ሳይሄድ ይመለሳል፤ ጥይቱም ይቀረቀራል። ስለዚህ «ነከሰች» ብላችሁ ስትመጡ መጀመሪያ አያያዛችሁን ብናይ አትቀየሙን።

ኪስም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጋሼ «አልሠራም አለችኝ» ብለው ያመጧትን ስንፈታ ከካዝናው ውስጥ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የገብስ ቆሎ! ሽጉጥ ያለበት ኪስ ውስጥ ቆሎ ቀርቶ ሳንቲምም አይገባም። ምላጩን የሚሸፍን የኪስ ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) ግዙ፤ ከእኛ ባይሆንም ግድ የለም።

ጥይት ስትገዙም «9 ሚሊ ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። ብዙዎቹ ትንንሾቹ የሚጎርሱት .380 የሚባለውን ጥይት ነው፤ 9 በ17 (በሚሊ ሜትር የጥይቱ ውፍረትና የቀለሃው ርዝመት) ማለት ነው። የማካሮቭ 9 በ18፣ የተለመደው ደግሞ 9 በ19 ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾችን ዕቃ ደህንነት የሚቆጣጠር ኮሚሽን አለ። የሕፃን አልጋ ወይም መጫወቻ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ከገበያ እንዲሰበሰብ ማድረግ ይችላል። በሽጉጥና በጥይት ላይ ግን ሥልጣን የለውም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ከልክሎታል። የመጫወቻ ሽጉጥ ይመለከተዋል፣ እውነተኛው አይመለከተውም። ይገርማል አይደል? ስለዚህ ሽጉጥ እንከን ሲገኝበት የሚሰበሰበው በአምራቹ በጎ ፈቃድ ነው። ኤልሲፒ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ መለያ ቁጥራቸው በ370 የሚጀምሩት ሲወድቁ ሊተኩሱ እንደሚችሉ ኩባንያው ራሱ አስታወቀ፤ ጠርቶም በነፃ አስተካከለ። እንከን ማንም ጋ ይኖራል። እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ስለዚህ አሠራራችንን ቀይረናል። አዲስ ዓይነት የኪስ ሽጉጥ ከማስገባታችን በፊት እንደ ተራ ደንበኛ አምራቹ ጋ እንደውላለን። ሰው ካላነሳ አናስገባም። አንዷን ደግሞ ራሳችን 200 ጥይት እንተኩስባታለን። ዋጋው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህን አንደብቅም።

ለጥገና ሄዳ የተመለሰች ሽጉጥ በቀጥታ ለባለቤቷ ልትላክ ትችላለች፤ ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው የመንግሥት ቅጽ 4473 እንደገና አይሞላም። ከሜሪላንድ የምትመጡ ግን፣ ሽጉጥ እዚህ በእጃችሁ ልናስረክባችሁ አንችልም። ሕጉ እዚያው ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል እንድትረከቡ ነው የሚለው።

ያቺን ሽጉጥ ከእኛ የገዛችሁ ጥይቷን አውጥታችሁ፣ በሳጥኗ አድርጋችሁ አምጧት። በከፈላችሁበት ዋጋ እንይዝላችኋለን፤ ሌላ ትመርጣላችሁ። ያኔ ቅጹን እንደ አዲስ መሙላት አይቀርም፣ የገዢው የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውም እንደዚያው። መታወቂያችሁን እንዳትረሱ። ሰኞ ዝግ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች