ቢራቢሮ ጨውም ትሻለች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቢራቢሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ «ምግቧ የአበባ ወለላ ነው» ብላችሁ ማለፋችሁ ግን ብዙ አስቀርቷል። ዝናብ ካባራ በኋላ ጭቃው ላይ፣ ከብት በሸናበት መሬት ላይ የሚሰፍሩት ቢራቢሮዎች ምን የሚሹ ይመስላችኋል? ጨው ነው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ያገኙትን ጨው በስሪያ ጊዜ ለሴቷ ያስተላልፋሉ፤ ጥሎሽ በሉት።

ዋናው በላተኛ ደግሞ ኋላ ቢራቢሮ የሚሆነው ትል ነው። የሎሚና የብርቱካን ቅጠል የሚበላውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ትንሽ ሳለ ቡናማና ነጭ ሆኖ ቁርጥ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ቀንድ መሳይ ነገር አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ጎረቤቶቼ መድኃኒት ይረጩበታል፤ መልሰው ደግሞ «ቢራቢሮ የት ገባ?» ይላሉ።

አመጣጧን በተመለከተ፣ ቢራቢሮ ከእሳት እራት ወገን የወጣች ናት። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ የዘረመል ጥናት ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ አህጉር እንደተነሳች፣ የመጀመሪያዎቹ ትሎችም የባቄላና የአተር ዘመድ የሆኑ ተክሎችን ሳይበሉ እንዳልቀሩ ያመለክታል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ጀርመን ውስጥ የተገኘው 200 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእሳት እራት ወገን የክንፍ ቅርፊት ነው። አንዳንዱ መምጠጫ ኩምቢ ካለው ወገን ነው፤ አበባ ገና ምድርን ሳይሞላ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ያኔ የሚመጠጠው ከጥድ መሰል ዛፎች የሚወጣ ጠብታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ